በጣትና በጆሮ ማንበብ

በዓይን ብቻ የሚነበብ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። በሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ። ዓይነ ስውራን ብሬል የተባለውን ጽሑፍ በጣታቸው እየዳሰሱ ያነባሉ።

ብሬልን የፈጠረው ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል ነው። በ3 ዓመቱ ከአባቱ የቆዳ ሥራ ቤት ሲጫወት አንድ ዓይኑን በወስፌ ወጋ። ሕመሙ ተዛምቶ ሁለቱም ጠፉ። እርሱ ግን ተማረ። በ15 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1824፣ በ6 ነጠብጣቦች የሚጻፍ ፊደል አወጣ። የአማርኛም ፊደል በእነዚሁ ነጠብጣቦች ይጻፋል።

የብሬል መጽሐፍ ግን ትልቅና ከባድ ነው። ዛሬ ኮምፒዩተርና ስልክ ጽሑፍን በድምፅ ማንበብ ይችላሉ። ታዲያ መጽሐፉ በፊደል ተጽፎ መግባት አለበት። ገጹን ፎቶግራፍ አንስተን ብቻ ካስገባነው ለመሣሪያው ሥዕል ነው። ወደ ፊደል እስኪመለስ ድረስ ዝም ይላል፤ ተማሪውም ከትምህርቱ ይቀራል። ስለዚህ መጽሐፍ የምናዘጋጅ ሁሉ በፊደል እንጻፍ።

በየመንደሩ ከጓዳ የሚውል ዓይነ ስውር ልጅ አይጠፋም። እናንተ ጎልምሳችሁ ፊደል ቆጠራችሁ። እርሱስ ለምን ይቅር? ትምህርት ቤት እናስገባው።

ጥያቄ
1. ፎቶግራፍ የሆነ ገጽ በድምፅ የማይነበበው ለምንድን ነው?
2. በመንደራችሁ ያልተማረ ዓይነ ስውር ልጅ አለ? ምን እናድርግለት?