ርካሹ ጠመንጃ ስለ ምን ይስታል?

ከስሜንና ከወገራ የመጡ ጓደኞቻችን በመኝታ ቤት ስለ ጠመንጃ ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ ሰምተናል። አንዱ ምንሽርን የሚያህል እንደሌለ ይናገራል፤ ሌላው ቤልጅግን ያነሣል፤ ሦስተኛው ደግሞ የአያቱ ውጅግራ አንድም ቀን ስቶ እንደማያውቅ ይምላል። ክርክሩ ለጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን እስከ ንጋት ቢቀጥል አይፈታም፤ ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነውና። ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ጠመንጃው ስም ነው፤ አረሩን ወደ ዒላማው የሚመራው ግን ስሙ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው፥ በዳባት፥ በደባርቅና በስሜን ተራራ ግርጌ ለአደን ያገለገሉት ርካሽ ጠመንጃዎች ከፋብሪካ ሲወጡ አብዛኞቹ ደኅና እንደ ነበሩ፥ የሳቱትም ከዚያ በኋላ በደረሰባቸው ነገርና ለሌላ ሥራ የተሠሩ በመሆናቸው እንደ ሆነ ነው።

በመጀመሪያ «ርካሽ» ስለሚለው ቃል። ለጎንደር ገበሬ ጠመንጃ ርካሽ ሆኖ አያውቅም፤ በሬ ተሽጦ የሚገዛ ዕቃ ነው። ርካሽ የምንለው በዓለም ገበያ ሚዛን ሲመዘን ነው። በአውሮፓ ባለጸጋው ለአደን ብቻ የተሠራ፥ አፈሙዙ በጥንቃቄ የተመረመረ ጠመንጃ ያሠራል። ወደ እኛ አገር የመጣው ግን የወታደር ጠመንጃ ነው፤ ያውም አዲስ ዓይነት በወጣ ጊዜ አሮጌ ተብሎ የተጣለው። ስናድር የሚባለውን እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ይዘውት መጡ፤ እርሱም ቀድሞ በአፉ ይጎርስ የነበረ ጠመንጃ ኋላው ተቆርጦ ከኋላ እንዲጎርስ የተለወጠ ነው። ውጅግራ የተባለው ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጡት «ፉዚ ግራ» ነው፤ ስሙም ከዚያው የተወሰደ ነው። የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1886 ወጥቶ በነበረው ለበል ሲተካው፥ ውጅግራው በቀይ ባሕር ጠረፍ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ፤ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይም በብዙ እጅ ነበር። ቤልጅግ የተባለው ማውዘር ከ1928ቱ ጦርነት በፊት ለመንግሥቱ ሠራዊት ከቤልጅግ ፋብሪካ ተገዛ።

ለደባርቅ ሰው ግን የሚቀርበው ታሪክ የወልቀፊት ነው። ከደባርቅ አጠገብ፥ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት በሚያመራው በር ላይ መሽጎ የነበረው የኢጣልያ ጦር፥ በአርበኞችና በእንግሊዝ ኃይል ተከብቦ ብዙ ወር ከቆየ በኋላ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ጎንደርም በኅዳር ተከተለ። በእነዚያ የጦርነት ዓመታት ከጠላት እጅ የተገኘው 6.5 ሚሊሜትር ካርካኖ በመንደሩ ሁሉ ገባ። ከእርሱም ጋር ኢጣልያ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ከኦስትሪያ ያገኘችውና ለአስካሪዎቿ ያደለችው ማንሊኸር አለ። ምንሽር የሚለው ስም ከዚሁ ከማንሊኸር የመጣ ነው፤ ሕዝቡ ግን ካርካኖውንም በዚሁ ስም ሲጠራ ይሰማል፤ ሁለቱም ጥይታቸው በአንድ መያዣ ተሰክቶ ወደ ካዝናው ይገባልና። እንግዲህ ስለ ምንሽር የሚከራከሩት ጓደኞቻችን ስለ ሁለት የተለያዩ ጠመንጃዎች ሲነጋገሩ ሊያመሹ ይችላሉ።

አሁን የመሳትን መጠን እንለካ። አንድ ጠመንጃ በድጋፍ ላይ ተቀምጦ፥ ተኳሹም ሳይንቀጠቀጥ፥ በ100 ሜትር ላይ አምስት ጥይት ቢተኩስ አምስቱ በአንድ ቀዳዳ አይገቡም፤ በአንድ ክብ ውስጥ ይበተናሉ። ደኅና የወታደር ጠመንጃ ክቡ 10 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ርቀቱ ሲያድግ ክቡም አብሮ ያድጋል፤ በ200 ሜትር 20፥ በ300 ሜትር 30 ይሆናል። የድኩላ ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ አንድ ስንዝር ያህል ነው ብንል፥ ደኅናው ጠመንጃ እስከ 200 ሜትር ድረስ ሊታመን ይችላል፤ ቦታው ግማሽ ስንዝር ለሆነው ለሰስ ደግሞ እስከ 100 ሜትር። አፈሙዙ ተበልቶ ክቡ በ100 ሜትር 30 ሴንቲሜትር የደረሰ ጠመንጃ ግን ለድኩላው ከ70 ሜትር በታች፥ ለሰሱ ከ35 ሜትር በታች ካልሆነ አይታመንም። በዚያ ርቀት ሰስ ቆሞ የሚጠብቀው አዳኝ ብርቅ ነው።

አፈሙዙን የሚበላው ምንድር ነው? ብዙ ሰው ብዙ መተኮሱ ነው ይላል። የስሜን ጠመንጃ ግን በዓመት ጥቂት ጥይት ብቻ የሚተኩስ ሆኖ ሳለ ውስጡ እንደ አሮጌ ምጣድ ተቦርቡሮ ይገኛል። ምክንያቱ ጨው ነው። በአሮጌው የወታደር ጥይት ላይ መርፌው የሚመታት ትንሽ ቆብ ፖታስየም ክሎሬት የሚባል ቅመም አለባት፤ ይኸውም ሲቃጠል ወደ ፖታስየም ክሎራይድ ይለወጣል። ይህ ከገበታ ጨው ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፤ በአፈሙዙ ውስጥ ባለው ጠመዝማዛ ቦይ ላይ ተለጥፎ ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱም ብረቱን ያዝጋል። በደባርቅ ክረምትና ጉም አንዲት ጥይት ተተኩሳ ጠመንጃው ሳይታጠብ ቢሰነብት፥ ከመቶ ጥይት ይልቅ ትጎዳዋለች።

እዚህ ላይ የኬሚስትሪ ተማሪዎች ጓደኞቻችን ለአገራቸው ሰው የሚነግሩት ነገር አላቸው። ጠመንጃ ወዳድ ሰው ብረቱን ቅቤ ወይም ዘይት ይቀባል፤ ውኃ ግን እንደ ጠላት ያርቅበታል። ጨው በቅቤም ሆነ በዘይት አይሟሟም፤ በውኃ ይሟሟል። ስለዚህ ቅባቱ ጨውን ከሥሩ ሸፍኖ ያስቀምጠዋል እንጂ አያነሣውም። መድኃኒቱ ጥይቱ ከወጣ በኋላ በዚያው ቀን አፈሙዙን በፈላ ውኃ ማጠብ፥ በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ፥ ከዚያ በኋላ መቀባት ነው። ውኃው የፈላ የሚሆነው ብረቱን አሙቆ ቶሎ እንዲያደርቀው ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ምድጃው ላይ ያለው ጀበና ይበቃል። የውጅግራው ጥቁር ባሩድም ጥላሸቱ እንዲሁ እርጥበት ስለሚስብ ሕጉ አንድ ነው።

ካርካኖ ደግሞ የራሱ የሆነ ጠባይ አለው። 6.5 ይባላል እንጂ በቦዮቹ መካከል ሲለካ 6.8 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የሌሎቹ 6.5 ጠመንጃዎች አረር ግን 6.7 ገደማ ነው። ልዩነቱ ከወረቀት ውፍረት አይበልጥም፤ ሆኖም ለሌላው በተለካ አረር የተሞላ ጥይት ቢጎርስ አረሩ ቦዩን አጥብቆ ስለማይዝ እየተወላገደ ይወጣል። የካርካኖው ጠመዝማዛ ከኋላ ላላ ብሎ ይጀምርና ወደ አፉ እየጠበቀ የሚሄድ ነው። ኢጣልያኖች ረጅሙን አፈሙዝ ከፊቱ ቆርጠው አጭር ጠመንጃ በሠሩ ጊዜ፥ አብሮ የተቆረጠው በጣም የሚያሽከረክረው ክፍል ነበር። ስለዚህ አጭሩ በትከሻ ላይ ቢቀልም ከረጅሙ ይልቅ ይስታል። የጥይቱ መያዣ ሲጠፋ ደግሞ ባለ ስድስት ጎራሹ ጠመንጃ አንድ በአንድ የሚጎርስ ይሆናል፤ መያዣው የመጨረሻው ጥይት ሲጎርስ በሥር ወድቆ ሣር ውስጥ ይቀራልና።

ስለ ጥይቱ ብዙ አንልም፤ ነገሩ ግልጽ ነው። ጠመንጃው ከአያት ይወረሳል፤ ጥይት ግን በየጊዜው ይገዛል። የተለያየ ዓመትና ፋብሪካ ጥይት በአንድ ዝናር ውስጥ ሲቀላቀል አንዱ ከፍ፥ አንዱ ዝቅ ይመታል። ለውጅግራ ያረጀው ቀለህ በእጅ እየተሞላ ይተኮስ ስለ ነበር፥ ባሩዱ ከአንዱ ወደ ሌላው እኩል አይሆንም። ከሁሉም የሚከፋው፥ ጥይት ውድ ስለ ሆነ ማንም ዒላማ ላይ አይለማመድም። ባለቤቱ ጠመንጃው የት እንደሚመታ የሚያውቀው አውሬው ላይ ሲተኩስ ብቻ ነው። በእኛ አስተያየት አንዱን ጥይት ለመቆጠብ ተብሎ ሌሎቹ ሁሉ የሚባክኑት በዚህ ነው።

ማነጣጠሪያውን እንይ፤ የገደሉ አገር ነገር እዚህ ላይ ይገባል። ረጅሙ ካርካኖ ማነጣጠሪያው ዝቅ ብሎ ሲታጠፍ ለ300 ሜትር የተስተካከለ ነው። ለምሽግ ጦርነት ይህ ትክክል ነው፤ ወታደሩ ወገብ ላይ አነጣጥሮ ደረት ቢመታ አይከፋውም። ለ300 የተስተካከለ አረር ግን በመንገዱ ላይ ቀስት ሠርቶ ስለሚሄድ፥ በ200 ሜትር ላይ ከተነጣጠረው ቦታ 30 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያልፋል። ይህ በደልዳላ ሜዳ ነው። አሁን አዳኙ በገደል አፋፍ ላይ ተኝቶ በ45 ዲግሪ ቁልቁል፥ በ200 ሜትር ላይ ወዳለ አውሬ ያነጣጥር። የመሬት ስበት አረሩን የሚጎትተው በአግድም ርቀቱ መጠን ነው፤ እርሱም 200 ሳይሆን 141 ሜትር ነው። ስለዚህ አረሩ ከጠበቀው ያነሰ ይወርዳል፤ ከፍታው ከ40 ሴንቲሜትር በላይ ይሆናል። የደባርቅ አየር ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል የሳሳ ስለ ሆነም አረሩ ፍጥነቱን ይዞ ይቆያል። መሐል ደረቱ የተነጣጠረበት አውሬ ጀርባው ላይ ነፋስ ብቻ አለፈው። ሰውየውም ጠመንጃውን ይረግማል፤ ጠመንጃው ግን የታዘዘውን አድርጓል። ልምድ ያላቸው አዳኞች ወደ ገደል ሲተኩሱ ዝቅ አድርገው የሚያነጣጥሩት ይህን በልምድ ስለ ደረሱበት ነው። ውጅግራ ተቃራኒ ነው፤ ከባድ አረሩ በሰከንድ 450 ሜትር ብቻ ስለሚወጣ፥ ለ200 ተስተካክሎ በ250 ላይ ቢተኮስበት አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ይመታል።

ይህ ሁሉ ስሌት ብቻ አይደለም። በእነዚህ ቁጥሮች ጫፍ ላይ የቆመው አውሬ በዓለም ላይ በስሜን ብቻ የሚገኘው ዋልያ ነው። ዋልያ ገደል ላይ የሚኖረው ከጦርና ከውሻ ለመዳን ነበር፤ ገደሉም ለብዙ ዘመን ጠበቀው። ከወዲያኛው አፋፍ የሚደርስ ጠመንጃ በኢጣልያ ጦርነት ጊዜና ከዚያ በኋላ በብዛት ሲገባ ግን መከታው መከታ መሆኑ ቀረ። ሌስሊ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1963 ስሜንን ሲጎበኝ የቀሩትን ከ200 የማይበልጡ አድርጎ ገመተ። በደንብ የሚተኩስ ጠመንጃ አንዱን ገድሎ ሥጋውን ይሰጣል። መጥፎው ጠመንጃ ግን ሆድ ወይም እግር ይመታል፤ የቆሰለው ዋልያ ማንም ወደማይወርድበት ሸለቆ ይወድቃል፤ አዳኙም ባዶ እጁን ስለ ቀረ ሌላ ይፈልጋል። የጠመንጃው መሳት ዋልያውን አዳነው የሚሉ ጓደኞች አሉ፤ እኛ አንቀበለውም። ለአንድ ሥጋ ሁለትና ሦስት ነፍስ የሚጠይቅ መሣሪያ አዳኝ ሊባል አይችልም።

ብሔራዊ ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ከታወጀ ወዲህ ዋልያን መግደል ወንጀል ነው፤ ከፓርኩ ውጭም ያለ ፈቃድ ማደን በአዋጅ ቁጥር 541/1999 ተከልክሏል፤ ጠመንጃ መያዝም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል። የአሮጌዎቹን ጠመንጃዎች ቦታም ከደርግ ዘመን ወዲህ ክላሽንኮፍ ወስዶታል። ጥይቱ በቀላሉ ይገኛል፤ ደጋግሞም ይተኩሳል፤ በዚህም ምክንያት ብዙዎች የመሳት ነገር ያበቃ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ክላሹ በ100 ሜትር የሚሠራው ክብ ከደኅናው ካርካኖ አይጠብም። በማነጣጠሪያው ላይ «ፔ» የምትባለው የሩስያ ፊደል የተቀረጸችበት የተለመደው ቦታም ለ300 ሜትር ገደማ የተስተካከለ ነው፤ በገደል ላይ ቢተኮስ የመጀመሪያው አረር እንደ ካርካኖው በጀርባ ላይ ያልፋል፤ ተከታትለው የሚወጡት ደግሞ በመንጋው መሐል ይበተናሉ።