በጃፓን ባህላዊ ወረቀት ላይ ሥዕል ማተም፦ ወጪው እንዴት ይሰላል?

አንድ የሥዕል ነጋዴ የአንድን ሥዕል ሁለት ቅጂዎች ጎን ለጎን ሰቅሏል እንበል። አንደኛው በተራ የፎቶ ወረቀት፣ ሁለተኛው “ዋሺ” በሚባለው የጃፓን ባህላዊ ወረቀት ላይ የታተመ ነው። ፋይሉ አንድ፣ ቀለሙ አንድ፣ ፕሪንተሩም አንድ ሊሆን ይችላል። ዋጋቸው ግን ለየቅል ነው። ለመሆኑ ልዩነቱ ከየት መጣ? ትርፉስ ለማን ነው?

ወረቀቱ ምንድን ነው?

“ዋሺ” ማለት “የጃፓን ወረቀት” ማለት ነው። በውጭ ገበያ “የሩዝ ወረቀት” እየተባለ ቢሸጥም ከሩዝ አይሠራም። ዋናው ጥሬ ዕቃ ከሾላ ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ የሚመደበው “ኮዞ” የተባለው ተክል ልጥ ነው። “ሚትሱማታ” እና “ጋምፒ” የሚባሉ ቁጥቋጦዎችም ያገለግላሉ። ቅርንጫፉ በብርድ ወራት ተቆርጦ በእንፋሎት ይታጠናል፣ ልጡ ይላጣል፣ ይቀቀላል፣ ጉድፉ በእጅ ይለቀማል፣ ከዚያም ይወቀጣል። በመጨረሻም ከአንድ ተክል ሥር ከሚወጣ ዝልግልግ ፈሳሽ ጋር ውኃ ውስጥ ተደባልቆ በቀርከሃ ወንፊት ይጠለላል።

የኮዞ ቃጫ ርዝመቱ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከእንጨት የሚገኘው ግን በአብዛኛው ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ዋሺ እየሳሳ የሚጠነክረው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ702 በዋሺ ላይ የተጻፉ የቤተሰብ መዝገቦች በናራ ከተማ በሾሶይን ግምጃ ቤት ተጠብቀው እስከ ዛሬ ዘልቀዋል።

ይሁን እንጂ አምራቹ ተመናምኗል። እ.ኤ.አ. በ1901 በጃፓን ከ68 ሺ በላይ ወረቀት ሠሪ ቤተሰቦች ነበሩ። ዛሬ የቀሩት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2014 በሺማኔ፣ በጊፉና በሳይታማ ያለውን የእጅ ሥራ በቅርስነት መዝግቧል። ቅርስ መሆን ግን ብቻውን ገዢ አያመጣም። ገዢ ከሚመጣባቸው በሮች አንዱ ትልቁ ፕሪንተር ሆኗል።

ገበያው እንዴት ተከፈተ?

ሙዚቀኛው ግራሃም ናሽ እ.ኤ.አ. በ1991 በካሊፎርኒያ “ናሽ ኤዲሽንስ” የተባለውን ማተሚያ ቤት ሲከፍት የተጠቀመው “አይሪስ” የተባለውን ፕሪንተር ነበር። መሣሪያው የተሠራው ለሥዕል ሳይሆን የመጽሔትና የማስታወቂያ ገጽ ከመታተሙ በፊት ናሙና ለማውጣት ነው። ችግሩ የጥንቶቹ ቀለሞች ቶሎ መደብዘዛቸው ነበር። ከ2000 ወዲህ የተስፋፋው የፒግመንት ቀለም ይህን ሥጋት በእጅጉ ሲቀንስ፣ ባለ 24 እና ባለ 44 ኢንች ፕሪንተሮች በየስቱዲዮው ገቡ። በቶኩሺማ የሚገኘውን አዋጋሚን የመሳሰሉ ወረቀት ሠሪዎችም ለፕሪንተር የሚስማማ ልባስ የተቀባ ዋሺ በነጠላና በጥቅል ማቅረብ ጀመሩ።

ኪሳራው የሚመጣው ከየት ነው?

አንደኛ፣ ልባስ የሌለው ዋሺ ቀለም ይጠጣል፤ ነጥቡ ይሰፋል፣ ጥቁሩም ግራጫ ይመስላል። ስለዚህ የተቀባውን መግዛት፣ ለደብዛዛ ወረቀት የተዘጋጀውን ጥቁር ቀለም መጠቀምና ለወረቀቱ የተሠራውን የቀለም መለኪያ ፋይል መጫን የግድ ነው።

ሁለተኛ፣ ከገጹ የሚነሳ ቃጫ የቀለም መርጫውን ቀዳዳ ይደፍናል። ወረቀቱን ከማስገባት በፊት በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ፣ በመርጫውና በወረቀቱ መካከል ያለውንም ክፍተት ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ በእጅ የተሠራ ወረቀት ጠርዙ ቀጥ ያለ አይደለም። የፕሪንተሩ መቆጣጠሪያ ስለሚሳሳት ወረቀቱ ጠሞ ይገባል። ስስ ወረቀት ደግሞ የመሣሪያው የአየር መሳቢያ ኃይል ካልተቀነሰለት ይሸበሸባል።

አራተኛ፣ ዋሺ እርጥበት ሲያገኝ ይለጠጣል። ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት በዚያው ክፍል ውስጥ አንድ ቀን ቢያድር ይመረጣል። በሙከራ ወረቀት ቆጥቦ መርጫውን የሚያበላሽ አታሚ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ሴት ይሆናል።

ስሌቱ

ለምሳሌ ያህል፣ 111.8 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 15 ሜትር ርዝመት ያለው ጥቅል በ40 ሺ የን ተገዛ እንበል። በ55 በ75 ሴንቲ ሜትር ልክ ሁለት ሁለት እየተደረደረ 40 ቅጂ ያወጣል። የአንዱ የወረቀት ወጪ 1,000 የን መሰለ ማለት ነው። ነገር ግን ለሙከራ፣ ለመነሻና ለመጨረሻ 1.5 ሜትር ቢባክን የሚቀረው 36 ነው። ከዚህም ሦስቱ ቢበላሹ 33 ይሆናል። እውነተኛው ወጪ እንግዲህ 1,212 የን ነው። በ1,000 የን ላይ 20 በመቶ ትርፍ አስቦ በ1,200 የን የተዋዋለ አታሚ በእያንዳንዱ ቅጂ ወረቀት 12 የን ከሰረ፤ ቀለሙና ጉልበቱ ገና አልተነካም።

ገዢው ምን ይጠይቅ?

ከእንጨት ቃጫ ጋር ተደባልቆ በማሽን የተሠራም ወረቀት “ዋሺ” ተብሎ ይሸጣል። ማሽኑ ነውር አይደለም፤ ነውሩ በእጅ ሥራ ዋጋ መሸጡ ነው። ስለዚህ ገዢው የወረቀቱን ስም፣ የአምራቹን አገርና ቃጫውን በጽሑፍ ይጠይቅ። ቀጥሎም ስንት ቅጂ እንደሚታተም፣ የተበላሸው እንደሚቀደድና ፋይሉ በሌላ ልክ እንደማይታተም በውሉ ላይ ይስፈር። ፕሪንተር አይደክመውም፤ አንድ ትእዛዝ ከተሰጠው መቶ ይደግማል። የቁጥሩ ዋጋ የሚጠበቀው በአታሚው ቃል ብቻ ነው፤ ቃሉ ከታጠፈ ግን ገዢው የሚቀረው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ውድ ወረቀት ነው።