የምጥ ሁለተኛው ክፍል ለምን ይረዝማል?

ምጥ ሦስት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ክፍል የማህፀን አፍ ቀስ በቀስ ይከፈታል። ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ ይባላል። ከዚያ አንሥቶ እናትየዋ አምጣ ልጇን እስክትገላገል ያለው ጊዜ ሁለተኛው ክፍል ነው። በሦስተኛው የእንግዴ ልጅ ይወጣል። እዚህ የምንመለከተው ሁለተኛውን ክፍል ነው።

በወላይታ ቀበሌዎች ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር ጎረቤት ይሰበሰባል። «ለእገሊት ቶሎ ሆነላት፤ ይቺ ምነው ዘገየች?» የሚል አይጠፋም። «ሰንፋ ነው» የሚልም አለ። ይህ አባባል ስህተት ነው።

በመጀመሪያ የበኩር ልጅ ይዘገያል። የሚወጣበት መንገድ ከዚህ በፊት ተለጥጦ አያውቅምና። የዓለም የጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እንደሚለው፣ የበኩር ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በ3 ሰዓት ውስጥ፣ ተከታዮቹ ደግሞ በ2 ሰዓት ውስጥ ይወለዳሉ።

ሁለተኛው ምክንያት የልጁ አመጣጥ ነው። ልጁ አገጩን ወደ ደረቱ አስጠግቶ፣ ፊቱን ወደ እናቱ ጀርባ አዙሮ ሲመጣ ይቀላል። ፊቱ ወደ እናቱ ሆድ ከዞረ ግን ራሱ በሰፊው ጎኑ ስለሚመጣ ጊዜ ይወስዳል። ልጁ ትልቅ ወይም የእናትየዋ ዳሌ ጠባብ ከሆነም እንዲሁ ነው። ዳሌዋ አድጎ ሳይጨርስ የተዳረች ልጅ የምትቸገረው በዚህ ነው። የግርዛት ጠባሳም መውጫውን ያጠብበዋል።

ጉልበትም አለ። ከገደላማ ቀበሌ በቃሬዛ ስትጓዝ ያደረች፣ ውሃም እህልም ያልቀመሰች እናት ማማጥ ሳትጀምር ትደክማለች፤ ምጧም ሊላላ ይችላል። ውሃና ቀጭን አጥሚት ቢሰጧት ይረዳታል። ፊኛዋ ሽንት ከሞላም የልጁን ራስ ስለሚያግድ አስቀድማ ትሽና።

ደግሞ «ግፊ! ግፊ!» እያሉ መጮህ አለ። የማህፀን አፍ ሳይከፈት መግፋት ጉልበት ከመጨረስና የማህፀኑን አፍ ከማሳበጥ በቀር ጥቅም የለውም። ሰውነቷ ራሱ ግፊ ሲላት ትግፋ። ሆዷን ከላይ መጫን እናቲቱንም ልጁንም ሊጎዳ ስለሚችል ፈጽሞ አይገባም። በጀርባ ተንጋሎ መተኛትም የግድ አይደለም። ተንበርክኮ፣ ቁጢጥ ብሎ ወይም በጎን ተኝቶ መውለድ ይቻላል። ቀና ማለት ጊዜውን ጥቂት ያሳጥረዋል፤ ተንበርክከው የሚወልዱት የገጠር እናቶች በዚህ በኩል ተሳስተዋል አንልም። በሀብታም አገሮች ሕመሙን ለማደንዘዝ በጀርባ አጥንት በኩል የሚሰጠው መድኃኒት ደግሞ ጊዜውን ያረዝማል።

ጊዜው አለልክ ሲረዝም ልጁ ሊታፈን ይችላል። ራሱ ከዳሌ አጥንት ጋር ጨምቆ የያዘው የእናትየዋ ሥጋም ደም አጥቶ ይሞታል። ከቀናት በኋላ ይቀደድና ሽንት ያለማቋረጥ ይፈሳል። ይህ ፊስቱላ ነው። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ በ1959 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ያቋቋሙት ለእነዚህ ሴቶች ነው። ለወላይታ የሚቀርበው ቅርንጫፉ ይርጋለም ይገኛል። ብዙዎቹ በቀዶ ጥገና ይድናሉ፤ ነገር ግን ስንቷ በሐፍረት ቤቷ ተደብቃ ትቀራለች!

ስለዚህ እርጉዝ ሴት ቤቷ ከመንገድ የራቀ ከሆነ ቀኗ ሳይደርስ ወደ ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ትግባ። ምጡ ከጠና አዋላጅ ነርሷ ወደ ሶዶ ትልካታለች። በሶዶ ከተማ ብዙ ሰው ኦቶና የሚለው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታልና የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል በኦፕራሲዮን ያዋልዳሉ።

ባል ወይም ጎረቤት ሆነን ስንሸኛት የምንችለው አንድ ሥራ አለ። አሁን ፊደል ቆጥረናል። ምጡ የጀመረበትን፣ የሽርት ውሃው የፈሰሰበትንና መግፋት የጀመረችበትን ሰዓት፣ ስንተኛ ልጇ እንደሆነም ጭምር በቁራጭ ወረቀት ጽፈን እንያዝ። «ከሌሊቱ 9 ሰዓት መግፋት ጀመረች፤ ሁለተኛ ልጇ ነው» ብለን ብንጽፍ ይበቃል። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።