የኮምፓስ መርፌ ወደ ሰሜን የሚዞረው ለምንድን ነው?

ስለ መግነጢስ ለመጻፍ ያነሣሣኝ በማስተማር ልምምድ ጊዜ የደረሰብኝ ነገር ነው። ቦሌ አካባቢ በአንድ ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል ገብቼ «ተመሳሳይ ዋልታዎች ይገፋፋሉ፣ ተቃራኒ ዋልታዎች ይሳሳባሉ» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍሁ። ቀጥዬም «የኮምፓስ ሰሜናዊ ጫፍ በመሬት ሰሜናዊ ዋልታ ይሳባል» አልሁ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ሰሜንና ሰሜን ይገፋፋሉ አላሉም እንዴ?» አለችኝ። እኔም «እሱ የተለየ ነው» ብዬ አለፍኋት።

የተለየ አይደለም። ልጅቷ ትክክል ነበረች። መሬት ራሷ መግነጢስ ናት፤ ከ2900 ኪሎ ሜትር በታች ያለው የቀለጠ ብረት ሲንቀሳቀስ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል፣ ጅረቱም መግነጢሳዊ መስክ ይሠራል። በካርታ ላይ በሰሜን በኩል ያለው የመሬት መግነጢሳዊ ዋልታ ግን በጠባዩ ደቡባዊ ዋልታ ነው። የመርፌውን ሰሜናዊ ጫፍ የሚስበውም ስለዚህ ነው። በማግስቱ ክፍል ገብቼ «ትናንት የነገርኳችሁ ስሕተት ነበር» አልኋቸው። ልጆቹ ሳቁ። እሷ ግን ደብተሯን አውጥታ ሰረዘችና አስተካክላ ጻፈች።

ለመሆኑ ተራ ብረት መግነጢስ የሚሆነው እንዴት ነው? ብረት ውስጥ እያንዳንዳቸው እንደ ትንሽ መግነጢስ የሆኑ ቀጠናዎች አሉ። አቅጣጫቸው የተዘበራረቀ ሲሆን አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋል። መርፌን በማግኔት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ደጋግመን ስናሽ ብዙዎቹ ወደ አንድ ወገን ይሰለፋሉ። ብንቀጠቅጠው ወይም በኃይል ብናግለው ሰልፉ ይፈርሳል። ማግኔት ለሁለት ቢሰበርም እያንዳንዱ ስባሪ ሁለት ዋልታ ይኖረዋል። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ይሳባል፣ የአሉሚኒየም ድስት አይሳብም።

ከውጭ አገር በመጡ መጻሕፍት የመርፌው ሰሜናዊ ጫፍ ወደ መሬት ያዘነብላል ይባላል። ለንደን ላይ እውነት ነው፤ እዚያ ዝንባሌው ከ60 ዲግሪ በላይ ነው። አዲስ አበባ ግን ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች መርፌው አግድም ተኝቶ ይቀራል ማለት ይቻላል። በ1957 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት አባ ፒየር ጉዋን በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ ሲያቋቁሙ፣ ቦታውን ተፈላጊ ያደረገው ይኸው ነው።

ሌላው ምሳሌ ደጃችን ላይ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ማኮብኮቢያዎች 07 እና 25 የሚል ቁጥር አላቸው። ይህም በኮምፓስ ከሰሜን ሲለካ ወደ 70 እና ወደ 250 ዲግሪ ግድም መሆኑን ያሳያል፤ የመጨረሻዋ ዜሮ ተትታለች። የመሬት መስክ ቀስ እያለ ስለሚለወጥ፣ በዓለም ላይ ቁጥራቸውን የቀየሩ ማኮብኮቢያዎች አሉ።

ማግኔት የለንም የምትሉ፣ ከተበላሸ ራዲዮ ስፒከር ውስጥ ይገኛል። በእሱ የልብስ መርፌ ሠላሳ ጊዜ ያህል በአንድ አቅጣጫ አሹና በደረቅ ቅጠል ላይ አድርጋችሁ ውሃ ባለበት የፕላስቲክ ሳህን ላይ አንሳፉት። ከዝናብ በኋላ ቦይ ውስጥ የሚቀረውን ጥቁር አሸዋም ሞክሩት፤ ማግኔቱን በወረቀት ጠቅልሉ፣ አለበለዚያ የተጣበቀው አይለቅም። ሳህኑን ዴስክ ላይ አታስቀምጡ። እኔ መጀመሪያ ስሞክር መርፌው ሰሜንን ትቶ ወደ ዴስኩ የብረት እግር ዞሮብኛል።