ከፍተኛ ስቶል ያለው ቶርክ ኮንቨርተር በአሶሳ

ጥያቄ፦ በአሶሳ የሚነዳ፣ ሞተሩ ለፍጥነት የተሻሻለ አውቶማቲክ መኪና ስቶሉ ከፍ ያለ ቶርክ ኮንቨርተር ቢገጠምለት ይጠቅመዋልን?

መልስ፦ ቶርክ ኮንቨርተር በሞተሩና በአውቶማቲክ ካምቢዮው መካከል ሆኖ ኃይልን በዘይት ፍሰት የሚያስተላልፍ ክፍል ሲሆን፣ ስቶል የሚባለው መኪናው እንደቆመ ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ቢሰጠው ሞተሩ ሊደርስበት የሚችለው የመጨረሻ ዙር ነው። ይህንን ዙር የሞተሩ ጉልበትም ስለሚወስነው፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው አሶሳ፣ አየሩ ሳስቶ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከኃይሉ 15 በመቶ ያህሉን ስለሚያጣ፣ በደቂቃ 2,800 ዙር ተብሎ የተሸጠ ኮንቨርተር እዚያ ከተጻፈለት ዝቅ ብሎ ይገኛል። ከፍ ያለ ስቶል የሚጠቅመው ካምሻፍቱ ተቀይሮ የሞተሩ ጉልበት ወደ ላይኛው ዙር ከተሸጋገረ ነው፤ ካልተሸጋገረ ግን የፋብሪካው ኮንቨርተር ይሻላል።

ይበልጥ የሚያሳስበው ሙቀት ነው፤ ከስቶሉ በታች በሆነ ዙር ሲነዳ መንሸራተቱ ስለሚበዛና ኃይሉ ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ፣ በኩርሙክ ቆላም ሆነ በወለጋ ረጃጅም ዳገቶች ላይ የካምቢዮው ዘይት ተቃጥሎ የውስጥ ፍሪሲዮኖቹን ያበላሻል። ስለዚህ ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ ሳይገጠም ኮንቨርተሩን መቀየር ፈጽሞ አይመከርም።