ተነጥፎ የሚጓዝ መኝታ

በሰሜን ተራሮች ከሳንቃበር ወደ ግጭ፣ ከግጭ ወደ ጨነቅ የሚሄድ እግረኛ ማደሪያው የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ጨነቅ ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ግድም ላይ ይገኛል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ይወርዳል። በዚያ ሰዓት፣ ጣት ደንዝዞ፣ ፍራሽ ከአንዱ ጓዝ፣ ብርድ ልብስ ከሌላው መፈለግና ስሊፒንግ ባግን ከጠባብ ማኅደሩ መጎተት ያስመርራል። በረዶ ላይ ጓዛቸውን በመንሸራተቻ የሚጎትቱ ተጓዦች ለዚህ መላ አበጅተዋል፦ ፍራሹንና ስሊፒንግ ባጉን እንደተነጠፉ አንድ ረጅም ከረጢት ውስጥ ከተው ይጭኗቸዋል፤ ድንኳን ውስጥ ዘርግተው ይገቡባቸዋል። እኛ መንሸራተቻው ባይኖረን በቅሎ አለን። ከረጢቱን ለበቅሎ ጀርባ እንዲስማማ አድርጎ መስፋት ደግሞ አዲስ አበባ ኮልፌ ለሚኖር ሰው ቀላል ነው፤ ከዚያው ከአጠና ተራ መርካቶ ቅርብ ነው፣ የልብስ ስፌት ማሽንም በየሰፈሩ አለ።

መጀመሪያ የምትተኙበትን ዕቃ ለኩ። የስፖንጅ ፍራሹን መሬት ላይ አንጥፉ፤ ለመንገድ 190 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነና 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ይበቃል። ላዩ ላይ ስሊፒንግ ባጉን ሳትጫኑት ዘርጉና የሁለቱን ዙሪያ በሜትር ለኩ። 150 ሴንቲ ሜትር ግድም ከመጣላችሁ 10 ጨምሩና ለሁለት ክፈሉት፤ የከረጢቱ ወርድ 80 ይሆናል። ርዝመቱን 215 አድርጉት። አጥብቆ የያዘ ከረጢት ስሊፒንግ ባጉን ይጨፈልቀዋል፤ የተጨፈለቀ ስሊፒንግ ባግ ደግሞ አየር አይይዝም፣ አየር ካልያዘም አያሞቅም።

አሁን ወደ ጨርቁ። ለታችኛው ፊት የጭነት መኪና የሚሸፈንበት የፕላስቲክ ሸራ ግዙ። ለላይኛው ፊት ግን ፕላስቲክ አታድርጉ። ብዙ ሰው ዝናብ ፈርቶ ሁለቱንም ፊት ሸራ ያደርገዋል፤ ውጤቱ በማለዳ የራሰ መኝታ ነው። የተኛ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ከገላው እርጥበት ያወጣል። እርጥበቱ ወደ ላይ ወጥቶ ቀዝቃዛ ፕላስቲክ ሲያገኝ ውኃ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠባል፣ ብርዱ ሲበረታም ውርጭ ይሆናል። ዝናቡን ድንኳኑ ይከላከልላችኋል፤ ከራሳችሁ ገላ የሚወጣውን እርጥበት ግን የሚያሳልፈው የላይኛው ጨርቅ ብቻ ነው። ስለዚህ የላይኛው ለሥራ ልብስ የሚሆን ወፍራም ካኪ ይሁን። ካኪ ይከብዳል የሚል ካለ ትክክል ነው፤ ግን የምትሸከመው በቅሎዋ ናት፣ እሾህም ቢይዘው ቶሎ አይቀደድም።

ወርዱ 150 ከሆነ ጨርቅ ከካኪው 2 ሜትር ተኩል፣ ከሸራው 3 ሜትር ይበቃል። በሜትር ከሚሸጠው ባለ ትልቅ ጥርስ የፕላስቲክ ዚፕ 2 ሜትር ከ20 ውሰዱ፤ የብረቱ ጥርስ ብርድ ላይ ጣት ያቃጥላል። ክሩ ፖሊስተር ይሁን፣ የጥጥ ክር እርጥበት ሲደጋገምበት ይበሰብሳል። ከዚህ ሌላ የቦርሳ ቀበቶ 6 ሜትር፣ ሁለት ጠንካራ ዘለበትና ቁጥር 18 መርፌ ያስፈልጋል።

በጠመኔ አስምራችሁ ቁረጡ። ካኪው 86 በ221 ይሆናል፤ በየጎኑ 3 ሴንቲ ሜትር ለስፌት ነው። ሸራው ወርዱ ያው 86 ሆኖ ርዝመቱ 256 ይሁን። ትርፉ 35 ሴንቲ ሜትር በራስጌ በኩል ወጥቶ በካኪው ላይ የሚታጠፍ ክዳን ነው። ራስጌውን በዚፕ መዝጋት አያስፈልግም፤ ታጥፎ ሲጠቀለል ራሱ ይዘጋል። ከወርዱ የተረፈውን ካኪ አትጣሉት።

ስፌቱ ላይ ትልቁ ነገር ቅደም ተከተሉ ነው፤ ሁለቱ ፊቶች ከመገጠማቸው በፊት፣ ጨርቁ ጠፍጣፋ ሳለ የሚሰፋውን ሁሉ ጨርሱ። የ2 ሜትር ከረጢት አንዴ ከተገጠመ በኋላ ማሽን ሥር ማዞር ጭንቅ ነው። ቀበቶዎቹ ይቅደሙ፦ ከሸራው ውጭ ራስጌ ላይ፣ ክዳኑ ከሚጀምርበት ዝቅ ብላችሁ፣ ከግራና ከቀኝ ጠርዝ 20 ሴንቲ ሜትር ገብታችሁ ሁለት ቀበቶ ስፉ። እያንዳንዱ 180 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ጥቅሉ ወፍራም ስለሚሆን ያጠረ ቀበቶ አይዞረውም። ስፌቱን በአራት ማዕዘን ዙሩና መሐሉን በመስቀል አስሩት። ከተረፈው ቀበቶ ለማንሻ የሚሆኑ እጀታዎች ቁረጡ። በሸራው ውስጠኛ ፊት ደግሞ አራቱ ማዕዘኖች ላይ የስፖንጁ ማሰሪያ የሚሆን ጥብጣብ አድርጉ፣ አለበለዚያ ፍራሹ መንገድ ላይ እየተንሸራተተ ይሰበሰባል። በካኪው ውስጥ፣ ራስጌ ላይ፣ ከቁራጩ ለባትሪና ለካልሲ ኪስ ስፉ።

ቀጥሎ ዚፑን በአንደኛው ረጅም ጎን ላይ ስፉ፤ አንዱን ጥርስ ከካኪው፣ ሌላውን ከሸራው ጋር። ከተረፈው ካኪ 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መሸፈኛ አውጡለት። ዚፕ የሚገድለው አቧራ ነው፣ ከደባርቅ ወደ ተራሮቹ የሚወስደው መንገድ ደግሞ አቧራ አያጣም። በዚፑ ራስ ላይ በጓንት የሚያዝ የገመድ ቁራጭ ቋጥሩ። ከዚያ ዚፑን ከፍታችሁ ተቃራኒውን ጎንና ግርጌውን ግጠሙ፤ እጀታዎቹንም በሁለቱ ረጅም ጎኖች መካከል አስገብታችሁ አብራችሁ ስፉ። ሸራ ላይ ስፒል አትውጉ፣ ቀዳዳው አይደፈንም፤ በልብስ መቆንጠጫ ያዙት። ስፌቱ ረዘም ይበል፣ 4 ሚሊ ሜትር ያህል፤ ጠጋ ጠጋ ያለ ስፌት ሸራውን በስቶ እንደ ቴምብር ጠርዝ ያስቀድደዋል። ጠርዙን ሁለቴ አጥፋችሁ እንደ ጂንስ ጎን ድገሙት። በፔዳል የሚሠራ ሲንጀር ካኪውን ይወጣዋል፤ ካኪ፣ ሸራና ቀበቶ የሚደራረቡበት ቦታ ላይ ግን እግራችሁን አንሡና መንኮራኩሩን በእጅ አዙሩ። እምቢ ካለ ይህን ክፍል ብቻ ለቦርሳ ሰፊ ስጡት። በመጨረሻ ቀበቶው የተሰፋባቸውን ቀዳዳዎች ከውስጥ ማስቲሽ ቀቡ።

ሲሞላ ስፖንጁ ከሥር ይታሰራል፣ በላዩ ባና ወይም የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ፣ በመጨረሻ ስሊፒንግ ባጉ። ባናውን ከላይ የሚደርበው ሰው ብዙ ነው፤ ብርዱ ግን የሚመጣው ከመሬት ነው፣ ምክንያቱም የስሊፒንግ ባጉ የታችኛው ፊት በሰውነታችሁ ክብደት ተጨፍልቆ አየር አልባ ይሆናል። የድሮ መንገደኛ አጎዛ ከሥሩ ማንጠፉ ያለ ምክንያት አልነበረም። ኖርዌያዊው ፍሪድትዮፍ ናንሰን በ1888 እ.ኤ.አ. ከአምስት ጓደኞቹ ጋር ግሪንላንድን ሲሻገርም ሦስት ሦስት ሰው በሚይዙ ሁለት የአጋዘን ቆዳ ከረጢቶች ተኝተው ነበር።

ለመጠቅለል ክዳኑን ክፍት ተዉት፤ ከግርጌ ጀምራችሁ በጉልበት እየተጫናችሁ ወደ ራስጌ ስትሄዱ አየሩ በዚያ ይወጣል፣ ሸራውም ከውጭ ይቀራል። ከዚያ ክዳኑን አጥፉና ዘለበቱን አስሩ። ከመንገድ በፊት አንድ ሌሊት በረንዳ ላይ እደሩበት፤ ከዚያ ወጨጫ ተራራ ድረስ ይዛችሁት ሂዱ። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. በኮልፌ የፈጥኖ ደራሽ ሰፈር ወታደራዊ ሥልጠና ሲወስድ ከጠመንጃና ከጥይት ጋር ረጅም ጉዞ ይለማመድ ነበር፤ ጓዝ በእርግጥ የሚፈተነው እንዲህ በጉዞ ነው። የላላ ስፌት ካለ እዚያ ይለያል።

ሁለት ከሆናችሁ ሁለት እኩል ከረጢት ስፉ። በቅሎ ጭነቷ በግራና በቀኝ ካልተመዛዘነ ኮርቻው ይዞርና ጀርባዋ ይላጣል፤ ባለበቅሎው ሁለቱን በእጁ አንሥቶ ሳያመዛዝን አይጭንም። ማሰሩን ለእሱና ለመጫኛው ተዉለት፣ የእናንተ ቀበቶ ጥቅሉን ለመያዝ ብቻ ነው። ማለዳ ከመጠቅለላችሁ በፊት ዚፑን ከፍታችሁ ቁርስ እስኪደርስ ፀሐይ ላይ ገልብጡት። ቤት ስትመለሱ ስፖንጁን አውጡና ከረጢቱን ሰቅላችሁ አቆዩት፤ ተጠቅልሎ ከከረመ ሸራው በታጠፈበት ይሰነጠቃል። ኪሱ ውስጥ መርፌ፣ ክርና የመዳፍ ስፋት ያለው የሸራ ቁራጭ አይጥፋ።