ስለ ጓሮ ጎመንና ስለ ክሽክሽ

ለዘር የተተወ ጎመን በኅዳር ወር ቢጫ አበባ ሲያወጣ ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፥ ከአበባው ሥር በግንዱ ላይ ዐመድ የተነሰነሰ የሚመስል ነገር ሳያይ አይቀርም። ይህ ክሽክሽ የሚባለው ተባይ ነው።

አምና በደሴ፥ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው ጓሮአችን ክሽክሽ በበዛ ጊዜ፥ እናቴን ላግዝ ብዬ ማላታዮን ገዝቼ ረፋድ ላይ ረጨሁበት። በማግስቱ ተባዩ ሞቶ ባየሁት ጊዜ ደስ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ቀፎ ያላቸው ጎረቤታችን የሞቱ ንቦች በእፍኛቸው ይዘው መጡና፥ «ልጄ፥ ጎመኑ ላይ ምን አድርገህ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። የምመልሰው አጣሁ። የባሰው ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ክሽክሹ ተመልሶ መምጣቱ ነው።

ይህ ስለምን ሆነ? ማላታዮን የነፍሳትን ነርቭ የሚያውክ መርዝ ነው፤ ጠላትን ከወዳጅ አይለይም። ንብም አበባ የምትቀስመው ፀሐይ ሞቅ ሲል ስለሆነ፥ እኔ የረጨሁበት ሰዓት የሥራዋ ሰዓት ነበረ። ክሽክሽን በተመለከተ፥ ሴቲቱ ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ የተወለደችውም በዐሥር ቀን ገደማ ራስዋ እናት ትሆናለች። ሙቀት ሲጨምር ቀኑ ያጥራልና፥ ከእኛ ዝቅ ብላ በምትገኘው በኮምቦልቻ ከዚህም ይፈጥናል። ክሽክሽን የምትበላው ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛ ግን ከእንቁላል ተነሥታ እስክትጎለምስ አንድ ወር ያህል ይፈጅባታል። እንግዲህ ሁለቱም በመርዝ ቢያልቁ ቀድሞ የሚመለሰው ክሽክሹ ነው።

አሜሪካዊቷ ራቸል ካርሰን እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመችው መጽሐፍ፥ ዲ.ዲ.ቲ.ን የመሳሰሉ መርዞች ወፎችንና ጠቃሚ ነፍሳትን ጭምር እንደሚፈጁ አስረድታ ነበረ። እኔ መጽሐፉን የሰማሁት ንቦቹ ካለቁ በኋላ ነው።

ዘንድሮ መርዝ አልገዛንም። ክሽክሽ የወረሰውን ቅጠል እየቀጠፍን ቀበርን፤ በቀረው ላይ የልብስ ሳሙና በውሃ በጥብጠን፥ ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ ማታ ማታ ረጨን። ሳሙና የሚገድለው በቀጥታ ያረፈበትን ተባይ ብቻ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ለመጣች ንብ አያሰጋም። በአጥሩ ጥግ ያለውንም ግራዋ እናቴ ለማገዶ ልታስቆርጠው አስባ ነበረ፤ በበጋ ሌላው አበባ ሲጠፋ ነጭ አበባው ለንብ ቀለብ ነውና ለምኜ አስቀረሁት። ቅጠሉን ግን እንደ ወትሮው ለዕቃ ማጠቢያ ትቀጥፈዋለች። ከሥሩም ንቦቹ ቆመው የሚጠጡበት ድንጋይ የተደረደረበት የውሃ ገል አኖርሁ።

ጎረቤታችን ዘንድሮ ማር ሲቆርጡ አንድ ሳሕን ላኩልን። «ለእናትህ ነው» አሉኝ፤ ስለ እኔ ምንም አላሉም።